ሰማያዊ በር ያለው ቢሮ

«የአክስትሽን ልጅ እንደሆነ አስምጠሽዋል፤ ዛሬ ደግሞ እህቱን ጨምሪበት» ስትል ሰማኋት እናቴን። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገና አልሆነም፤ ሙቀቱ ግን ቆርቆሮውን ማንጣጣት ጀምሯል። ፊቴን ልታጠብ ወደ በርሜሉ ስሄድ፣ ከመጋረጃው ወዲያ እናቴ ሐዲጃና ጎረቤታችን ፋኢዛ ሰሌን ላይ ተቀምጠው ባጌት ዳቦ በሻይ እየነከሩ ይመካከራሉ። «እህት የለውም እኮ» አለች ፋኢዛ። «ሎሚ ከየት ታውቃለች? ብቻ እንባሽ አይጥፋ» አለቻት እናቴ። ፋኢዛ እንባ ጠፍቷት አያውቅም። ለሌለ ሰው ማልቀስ የሚከፈልበት ሥራ ቢሆን ኖሮ ሰፈራችንን ካርቲየ 7 ቢስን ለቃ ከባሕሩ ዳር ቪላ ትሠራ ነበር። ፊቴን ሳልታጠብ ተመለስኩ።

ሎሚ የቤታችን ሠራተኛ ናት። ከሂርና ተነስታ የመን ልትሻገር መጥታ፣ «ሁለት ሳምንት ትንፋሼን ልሰብስብ» ብላ እኛ ቤት ከገባች ስምንት ወሯ ነው። ዕድሜያችን እኩል ነው፣ ሃያ፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ እሷ የኔን ልብስ ታጥባለች። እናቴ ከድሬዳዋ ከወጣች ጀምሮ ልብስ ነጋዴ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ትውላለች፤ ያለ ሎሚ ቤታችን አንድ ቀን አይቆምም። ስለዚህ ሎሚ የባሕር ስም ባነሳች ቁጥር እናቴ አንድ ሰው ታሰምጣለች። በኅዳር የፋኢዛ የአክስት ልጅ ሰመጠ፤ ሰውየው ዱባይ ሽቶ ይሸጣል፣ በዕድሜው ጀልባ ረግጦ አያውቅም። በመጋቢት አንዲት የጅማ ልጅ ሰመጠች፤ እሷማ ጭራሽ አልተፈጠረችም። ሎሚ ሁለቱንም ቀን እህል ሳትቀምስ ዋለች፣ ሁለቱንም ጊዜ «ትንሽ ልቆይ» አለች። እኔ ሁሉንም አውቃለሁ፤ ዝም እላለሁ። እናቴም ማወቄን ታውቃለች፤ እሷም ዝም ትላለች። ለምን ዝም እንዳልኩ አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ልብስ ማጠብ አልወድም።

ያን ጠዋት እረፍት የነሳኝ ግን የነሱ ምክር ብቻ አልነበረም። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሎሚ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ስልኳን ይዛ መጥታ ነበር። የአማርኛ የፌስቡክ ገጽ ነው። ከጥር ወር ጀምሮ የመን ጠረፍ የሚደርሱ ሴቶች በአንድ የእርዳታ ቢሮ ተመዝግበው የስድስት ወር የሥራ ወረቀት እንደሚሰጣቸው ይናገራል። ሳውዲ ያንን ሁሉ ሐበሻ በአውሮፕላን ጭና ከመለሰች ግማሽ ዓመት ያህል ነው፤ ወረቀት የምትል ቃል ያኔ ከማርም ትጣፍጥ ነበር። «ሳብሪንዬ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እውነት ነው?» አለችኝ። እኔ ደግሞ የሳምንቱ ትምህርት በሚጀመርበት በእሑድ የማስረክበው የቤት ሥራ ነበረብኝ። ከኢንተርኔት አንድ ወሬ መርጦ፣ ሦስት ምንጭ አቅርቦ፣ የትኛው እንደሚታመን መመዘን ነው። መምህራችን ሙሲዬ ሮብሌ አራት ጥያቄ አሸክሞናል፤ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ምን ይጠቀማል፣ ሌላስ ማን ብሎታል። የሎሚ ወሬ ለቤት ሥራዬ ከሰማይ የወረደ መሰለኝ። እንደ አስተማሪ ተኮፍሼ አራቱን ጥያቄ አስጠናኋት፤ በጣቶቿ እየቆጠረች ደገመችልኝ። ስንፈልግ አንድ የዓረብኛና አንድ የፈረንሳይኛ ገጽ ተጨመረልን። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረን ከአርዕስታቸው አላለፍኩም፤ ሦስቱም ግን ስለዚያው ቢሮ፣ ስለዚያው ወረቀት ያወራሉ። ሦስት ምስክር ካለ ቃዲውስ ምን ይላል? «ይመስላል» አልኳት። «እውነት ነው» አላልኩም፤ «ይመስላል» ነው ያልኩት። ሎሚ ልዩነቱ አልታያትም። «እንግዲያው ነገ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ከዋራበሌ ወደ ባሕሩ የሚሄድ መኪና አለ» አለች። ከዚያ በፊትም አሥር ጊዜ መኪና አለ ብላ ታውቃለች፤ ሰምቼ ተውኩት።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። የቤት ሥራዬን ልጨርስ ወደ አኒስ ኢንተርኔት ቤት ስወጣ ሎሚ ደጃፉን እየጠረገች ነበር፤ ቀና ብላ ከወትሮው ረዘም አድርጋ አየችኝ። «ምሳ ምን ይሠራልሽ?» አለችኝ። «ያገኘሽውን» አልኳት። አኒስ የሐረር ልጅ ነው፤ ከስምንት ኮምፒዩተሮቹ አምስቱ ይሠራሉ፣ ከአምስቱ የሁለቱ ፊደል ተፍቋል። ለሰዓት ሁለት መቶ ፍራንክ ይቀበላል፤ ተማሪ ከሆንክና ፊትህን ካወቀው መቶ ሃምሳ። ግድግዳው ላይ «የተዘጋጀ ኤክስፖዜ አለ» የሚል በፈረንሳይኛ የተጻፈ ካርቶን ለጥፏል። ለመምህር የሚቀርብ ጽሑፍ ማለት ነው፤ ሰነፍ ተማሪ ገዝቶ ስሙን ይጽፍበታል። ቬንቲላተሩ ሥር ያለውን ወንበር ያዝኩ፤ ቬንቲላተሩ የሚያዞረው ያንኑ ሙቅ አየር ነበር።

ሙሲዬ ሮብሌ ሌላም አንድ ነገር ብሎን ነበር፤ የፈተና ጥያቄ ስላልመሰለኝ ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም። «ሦስት ሰው አንድ ነገር ከተናገረ፣ ሦስቱ ከማን እንደሰሙ ጠይቁ።» ለማርክ ብዬ ጠየቅሁ። የአማርኛው ገጽ ግርጌ ላይ «ከዓረብኛ የተተረጎመ» ይላል። የዓረብኛው ደግሞ ከታች የፈረንሳይኛውን አድራሻ አስቀምጧል። ፈረንሳይኛውን ከፈትኩ። የእርዳታ ቢሮው ከዓሣ ገበያው ጀርባ ባለ ሰማያዊ በር ቤት ውስጥ እንደሚገኝ፣ ከፊቱ አንድ የኒም ዛፍ እንዳለ፣ ሦስት ደረጃ እንዳለውና ሦስተኛው ደረጃ የተሰበረ መሆኑን ይናገራል። እጄ ማውዙ ላይ ቀረ። ያ ቤት የመን ውስጥ አይደለም። ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ፣ የአክስቴ የዘሃራ ቤት ነው። ሦስተኛውን ደረጃ የሰበረው ታላቅ ወንድሜ ነው፣ የጋዝ ሲሊንደር ጥሎበት።

ባለፈው ዓመት የጻፍኩት ኤክስፖዜ ነበር። ስለ ስደት ጻፉ ተባልን፣ ቢያንስ አንድ ምስክርነት አስገቡ ተባልን። ምስክር ፍለጋ ማን ይሂድ? በጸሐይ? እዚሁ አኒስ ቤት ተቀምጬ፣ ሰዓቴ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ አንድ የእርዳታ ባለሥልጣን ወለድኩ፣ ቢሮ ሠራሁለት፣ ቢሮው ባዶ እንዳይመስል የአክስቴን በር ገጠምኩለት፤ «ከጥር ወር ጀምሮ» የምትለዋንም ጨመርኩ፣ ዓመተ ምሕረት መጻፍ እንኳ አላስታወስኩም። ከሃያ አሥራ አራት አገኘሁ። የዚያን ጊዜው መምህር ጠርዙ ላይ «ዝርዝሩ ያሳምናል» ብሎ በቀይ ጻፈልኝ። ያንን ወረቀት ለእናቴ ደስ ብሎኝ አሳይቻታለሁ። አሁን ስሜ ከላዩ ጠፍቷል፤ ቃሎቼ ግን ነጠላ ሰረዝ ሳትጎድል ተሰልፈው ከስክሪኑ ላይ ያዩኛል፣ ከሥራቸው ሠላሳ ስምንት ሰው አመስግኗል፣ አንዷ «መንገዱን የምታውቁ ንገሩኝ፣ ሁለት ልጅ አለኝ» ብላለች። ማፈር እንኳ አልቻልኩም፤ ፍርሃቱ ቀደመው።

አኒስን ጠራሁት። የፈረንሳይኛው ገጽ የሱ ነው፤ ተማሪ የተየበውን ሁሉ እያስቀረ ስሙን አውጥቶ ይለጥፋል፣ አንባቢ ሲበዛ ኤክስፖዜ የሚገዛው ይበዛል። «አቦ ሳብሪን፣ ጎበዝ ነሽ ማለት ነው እኮ! እንዳንቺ የተነበበ የለም» አለ እየሳቀ። ውሸት መሆኑን ስነግረው ሳቁን አላቆመም። «ሁሉም ውሸት ነው። የወባውን ኤክስፖዜ የጻፈውን ልጅ ታውቂዋለሽ? ትንኝና ዝንብ አይለይም።» «ሰው እየሄደበት ነው፣ አኒስ! እኛ ቤት ያለችው ሎሚ ዛሬ ልትሄድ ነው!» አልኩት። ድምፄ ከፍ ሲል ሌሎቹ ዞረው አዩን። ይህን ጊዜ ጎንበስ ብሎ የራሱን ገጽ አጠፋው፤ ልቡ ክፉ አይደለም። ነገር ግን አማርኛው አለ፣ ዓረብኛው አለ፣ ከነሱ የቀዱት ስንት እንደሆኑ ማን ይቆጥራል? ሰማያዊ በር ብለን ስንፈልግ ስድስት ሌላ ገጽ መጣ። በአንዱ ላይ የስድስት ወሩ ወረቀት ዓመት ሆኗል። ለእያንዳንዱ ገጽ «ይህ ሐሰት ነው» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ከአንዱ ወዲያው መልስ መጣልኝ፤ «አንቺ ማነሽ?» ይላል። ስሜን ልጽፍ ስል መብራት ጠፋ። ለመብራቱ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ፣ ሎሚ ጋ ደጋግሜ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። አኒስ ገጹን ከማጥፋቱ በፊት ያተመልኝን ቅጂ ይዤ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ሰባት ሰዓት አልፏል። ጫት ገብቶ መንገዱ ጭር ብሏል። ድስቱ ተከድኖ ምድጃው ላይ ተቀምጧል፣ ሩዙ ገና ትኩስ ነው፣ ወለሉ ተወልውሏል፣ ሽንት ቤቱ ሳይቀር ታጥቧል። ሎሚ የምትተኛበት ጥግ ላይ ፍራሹ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል፤ ቦርሳዋ የለም። ፋኢዛ ለካ በአራት ሰዓት መጥታ እህትየዋን አስምጣ ሄዳለች። እናቴ ለምሳ ሱቋን ዘግታ ገብታ ሳህን ታወጣለች። «ሳሙና ልትገዛ ሄዳ ይሆናል» አለች ፊቷን ሳታዞር። ሳሙና ልትገዛ እንዳልሄደች ግን አውቃለች፤ ሁለት ሳህን ብቻ ነው ያወጣችው። ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ኤክስፖዜውን፣ የአክስቴን በር፣ «ይመስላል» ያልኩትን። እናቴ የምትጮህ ሴት ናት፤ ያን ቀን አልጮኸችም። ሩዙን በእጇ እየጠቀለለች፣ ሳትጎርሰው መልሳ እየበተነች ቆየች። ከግድግዳው ወዲያ የፋኢዛ ራዲዮ በሶማሊኛ ዜና ያነባል።

«የኔ ውሸት ስምንት ወር አኖራት» አለች በመጨረሻ። «ያንቺ በአንድ ቀን ወሰዳት።»

«አንቺ እኮ ሠራተኛ እንዳታጪ ነው።»

«ለዚያም ነው» አለች፤ አልካደችም። «ግን በሕይወት ነበረች።» ይህን ስትል ዓይኗ ፍራሹ ላይ ነበር። ኡሚ፣ ዋራበሌ አብረን እንሂድ፣ አንቺን ትሰማለች ብዬ ለመንኳት። «እኔን ካየች ቶሎ ትሳፈራለች። አንቺ ሂጂ። የራስሽን ጥፋት ንገሪያት። የኔን ግን አትንኪብኝ፣ ሰማሽ? የኔን እንዳትነኪ» አለች። ያን ጊዜ ለስሟ የተጨነቀች መሰለኝ፤ በልቤ ታዘብኳት። ተነስታ ሳህኖቹን ራሷ ማጠብ ጀመረች፤ ስንት ጊዜዋ እንደሆነ አላህ ይወቅ፣ ሳሙናው የት እንደሚቀመጥ ጠፍቷት ስትፈልግ ትቻት ወጣሁ።

ዋራበሌ ወዳለበት ወደ ባልባላ የሚሄደው አውቶቡስ እስኪሞላ አይነሳም። ረዳቱ መስኮቱን በሳንቲም እያንኳኳ ይጣራል፣ የሚመጣለት የለም፤ አገሩ ሁሉ ተጋድሟል። የባዶውን ወንበር እኔ ልክፈል አልኩት፤ ከት ብሎ ሳቀ፤ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሶማሌ እናት «ምነው ልጄ፣ ምጥ ነው?» አለችኝ በሶማሊኛ። ሲነሳም ደግሞ ወደ ዶራሌ ወደብ በሚወስደው መንገድ ላይ ከባድ መኪኖች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ፣ የኢትዮጵያ ሰሌዳ በኢትዮጵያ ሰሌዳ ላይ፤ ሾፌሮቹ ከመኪናው ሥር ጥላ ይዘው ካርታ ይጫወታሉ። በመንገዱ ዳር ደግሞ እግረኞቹ አሉ። ሁልጊዜም አሉ። ሁለት ሊትር የውኃ ላስቲክ በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ወደ ሰሜን የሚሄዱ የኛ አገር ልጆች ናቸው። ስንት ዓመት ከአውቶቡስ መስኮት አይቻቸዋለሁ፤ እንደ መብራት ምሰሶ ነበር የማያቸው። ያን ቀን የእያንዳንዳቸውን እጅ አየሁ፣ ማን ስልክ ይዟል፣ ማን ምን አንብቧል እያልኩ። የዐስር አዛን ሲሰማ ወርጄ ሮጥኩ።

ዋራበሌ ውስጥ መኪናው የሚነሳበትን ግቢ ለማግኘት መጠየቅም አላስፈለገኝም፤ በአንድ የቆርቆሮ አጥር ሥር ሃያ ጥንድ ነጠላ ጫማ ካየህ እዚያ ነው። በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ሻንጣሽስ?» አለኝ። አልመለስኩለትም፤ ገባሁ። ሎሚ ከአጥሩ ጥላ ሥር ከሌሎች ሴቶች ጋር ተቀምጣ ፀጉሯን እየተጎነጎነች ነበር። የኔን አሮጌ ሰማያዊ ሂጃብ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች፤ እኔ ነኝ የሰጠኋት። ስታየኝ ደስ አላት። ልሸኛት የመጣሁ መስሏታል።

«ሎሚ፣ ቢሮ የለም» አልኳት ትንፋሼ ሳይመለስ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። ፈጥሬ ነው። ያ በር የአክስቴ በር ነው፣ ድሬዳዋ።» ወረቀቱን ዘረጋሁላት። ወረቀቱ በፈረንሳይኛ ነው፤ ሎሚ ፈረንሳይኛ አታነብም፣ ከሴቶቹም የሚያነብ የለም፤ ስሜም የለበትም። ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ መለሰችልኝ። ከዚያ አውራ ጣቷን አወጣች። «ማን አለው? ሳብሪን።» ጠቋሚዋን አወጣች። «መቼ አለችው? መኪናው ሊነሳ ሲል። ምን ትጠቀማለች? ልብሷ ይታጠብላታል። ሌላስ ማን ብሎታል?» አራተኛው ጣቷ ላይ ስትደርስ ዙሪያዋን አየች። «ማንም።» ሴቶቹ ሳቁ። ሎሚ አልሳቀችም፤ ያሳዘንኳት ነው የምትመስለው። «እትዬ ናት የላከችሽ። አይዞሽ፣ አልቀየማትም። ሰው ታገኛለች፣ እዚያው 7 ቢስ ሥራ የሚፈልግ ሞልቷል።»

ያስተማርኳት አንድ ነገር ነበር፤ እሱንም ደህና አድርጋ ይዛዋለች። መኪናው ሞተሩን አስነሳ። ሴቶቹ እየተነሱ ቀሚሳቸውን አራገፉ፤ የሎሚን ፀጉር የምትጎነጉነው ልጅ የመጨረሻውን ጉንጉን ሳትጨርስ ተወችው። እንድትታመን ምን ይነገራል? እናቴ ብትልከኝ ኖሮ በምንም ተአምር የማልናገረው ነገር ምን አለ? አንድ ነገር ብቻ መጣልኝ፣ አፌን አልያዝኩትም። «እሺ ስሚኝ፣ ኡሚ ዋሽታሻለች። የፋኢዛ የአክስት ልጅ አልሰመጠም፤ ዱባይ ነው፣ ሽቶ ይሸጣል። እህቱም የለችም። ኡሚ ብትልከኝ ይህን እነግርሽ ነበር?»

ሎሚ ቦርሳዋን ልታነሳ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ቀስ ብላ ቀና አለች። ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተከለች፤ እኔም አልሸሸሁም፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የማፍርበት ውሸት አልነበረኝም።

«በአላህ በይ።»

«በአላህ።»

«የጅማዋ ልጅስ?»

«የለችም። ኖራም አታውቅ። ኡሚ ነች የፈጠረቻት።»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አለቀሰች። አመነችኝ ብዬ ልቤ ዘለለ፤ አቅፌ ወደ አውቶቡሱ ልወስዳት ክንዷን ያዝኩ። እጇን ስታወርድ ግን ፊቷ ላይ ያየሁት ሐዘን አልነበረም። እንደዚያ ፊቷ ፈክቶ አይቼው አላውቅም። «አልሐምዱሊላህ» አለች። «አልሐምዱሊላህ! ያቺን የጅማ ልጅ እኮ ስንት ቀን በህልሜ አየኋት። ውኃ ስቀዳ በርሜሉ ውስጥ ትታየኝ ነበር። ወረቀት ኖረ አልኖረ እኔ ምን ቸገረኝ፣ ሠርቶ የሚበላ እጅ አለኝ፤ የፈራሁት ባሕሩን ነው፣ ሳብሪን። ባሕሩን ብቻ!» ጉንጬን ሳመችኝ፣ ሦስት ጊዜ፣ እንባዋ ፊቴ ላይ ቀረ። «አሁን አመንኩሽ» አለችኝ።

«የኔን እንዳትነኪ» ያለችው የእናቴ ቃል ያኔ ነው የገባኝ። ሎሚ አንድ እግሯን የመኪናው ጎማ ላይ አድርጋለች፤ ከላይ ሁለት ሰዎች እጇን ይዘው ይስቧታል። ቀሚሷን ጨምድጄ ያዝኩ። «የውሸቶቹ የኡሚ ብቻ ናቸው እንጂ ሌሎቹ እኮ ሰምጠዋል!» ብዬ ጮኽኩ። «እውነተኛ ሰዎች፣ ሎሚ! ስንትና ስንት ሰው!»

ዞር ብላ አየችኝ፤ አልተቆጣችም። «አይተሻል?» አለችኝ።

«አንብቤ ነው» አልኳት።